ሪምቦላ ሁለቴ አይነግሥም

ጥቅምት 9

ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ አሁንም ያስቸግራታል? እኔን ከጠየቅሽ ትንሽ ሳል ይዞኝ ነበር፣ ለቆኛል። ከናፍቆት በቀር ሕመም የለብኝም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ መልሱን ያዘገየሁት በክፋት አይደለም፣ ሥራው መተንፈሻ ነሥቶኝ ነው። አትቀየሚኝ።

«ለጥቂት ወራት መጥተህ ከእማዬ ጋር ትቀመጥልኛለህ ወይ?» ላልሽው፣ እስቲ አንቺው ፍረጂ፣ እንዴት አድርጌ? በዚህ ሁሉ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያው ፊት የሚቀመጠው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን ብቀር ወደ ሰሜን የሚሄደው ደቡብ ወርዶ ያድራል። አለቃዬ «ያላንተ ድምፅ ይሄ ግቢ ገበያ ነው የሚሆነው» ይለኛል። ትቼው ብመጣ ደግሞ ወንበሬን ተሻምተው ይቀመጡበታል።

ደግሞስ አንቺ ሪምቦላ አይደለሽ? ቤተ መንግሥትሽን ጥለሽ የት ልትሄጂ? ባለፈው ልብስ ሳጥብ ያ ነገር ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። በልጅነታችን ጓዳ ገብተን ከእህል ጆንያው ጀርባ የራሳችንን ቋንቋ ስንሠራ፣ አንዳችን ድምፁን እናወጣለን፣ ሌላችን ትርጉሙን እንሰጣለን። እኔ «ጢርቢስ» ስል አንቺ ሳታስቢ «ልብስ ከተሰጣ በኋላ የሚመጣ ዝናብ» አልሽ። አንቺ «ሙፍ» ስትይ እኔ «የአጎታችን ሆድ»። እግሬ በጀሶ ታስሮ እናንተ ሠርግ ልትሄዱ ስትለባብሱ ደግሞ፣ እኔ አልጋው ላይ ሆኜ በንዴት «ሪምቦላ!» ብዬ ጮህኩ። አንቺ አዲሱን ጫማሽን እንዳደረግሽ ከበር ተመለስሽና «ንጉሥ ማለት ነው» አልሽኝ። «ሁሉም ሲወጣ ቤት የሚቀረው ነው። ወንበሩም ቁልፉም የእሱ ነው። እኛ ቤተ መንግሥት ስለሌለን ነው ውጭ ለውጭ የምንንከራተተው።» እንደ ያን ዕለት ኮርቼ ቤት ቀርቼ አላውቅም።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ግርማዊነትሽን እጅ ነሥቻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ


ኅዳር 3

ለድንቡሼ፣

«ድንቡሼ» የምልህ ከልማድ ነው እንጂ የላክኸውን ፎቶ አይቼዋለሁ፤ ኮት መስቀያ መስለሃል። ለመሆኑ ምንድን ነው የምትበላው?

እማዬ ደህና ናት። ወይም ደህና ነኝ ትላለች። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፣ ደብዳቤህ አናድዶኛል። የሚጣፍጥህን ብቻ እየመረጥክ ታስታውሳለህ። ሌላውን ሕግስ ረሳኸው? ሪምቦላ ሁለቴ በተከታታይ አይነግሥም። ይህን ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ጀሶህ ሲፈታ «አሁን ደግሞ እሷ ትቅር» ብለህ እያለቀስክ። እኔ ግን እማዬ ከወደቀች ጀምሮ ከዙፋን ወርጄ አላውቅም። አንተ ስትሄድ «እስክደላደል ነው» ነበር ያልከኝ።

ቤተ መንግሥቴን ልንገርህ። ጠዋት እማዬን አነሣታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ መስኮቱ ሥር አስቀምጣታለሁ። ከዚያ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ሁሉም ያው ሰማያዊ፣ ሁሉም ያው ኪስ። ከሰዓት በኋላ እሷ ታሸልባለች። መኪናዬን ሳቆም ቤቱ ጭጭ ይላል። ያኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የገዛ እጄን አያለሁ። ከውጭ ሰው ጋር የማወራው ክር ስገዛ ነው፤ ባለሱቁም ቶሎ እንድሄድለት የገንዘቤን መልስ ከአፌ ቀድሞ ይሰጠኛል። አንተ ይህን «ግርማዊነት» ትለዋለህ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። የትልቁ ከተማ ቴአትር ቤት የልብስ ክፍል ኃላፊ፣ የጎረቤታችን የአናጢው ልጅ የለበሰችውን እኔ የቆረጥኩትን ካፖርት አይታ አስጠርታኛለች። ጨርቅ ቆራጭ ይፈልጋሉ። እስከ መጋቢት መጀመሪያ ይጠብቁኛል፣ ካለፈ ለሌላ ይሰጡታል። ድንቡሼ፣ በዕድሜዬ ሙሉ «አንቺን ነው የምንፈልገው» ያለኝ ሰው የለም። ይህ ካመለጠኝ ሌላ አይመጣልኝም።

አክስታችን «እኔ ጋ ትምጣ፣ አብረን እንጦራለን» እያለች መጻፏን አልተወችም። እማዬ ግን «ከቤቴ ንቅንቅ አልልም» ብላ ዘግታለች፤ ግትርነቷን ታውቃለህ። ጥያት አልሄድም። ስለዚህ ያለኸኝ አንተ ነህ። ተራህ ነው፣ ና።

እህትህ


ኅዳር 28

ለእታለም፣

ብትቆጪ እውነትሽን ነው፤ ቁጣሽንም ቢሆን ናፍቄው ነበር። የቴአትር ቤቱን ነገር ሳነብ ብድግ ብዬ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። የምንጎራደድበት ስፋት ስለሌለው ወዲያው ግድግዳ መለሰኝ እንጂ።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። አለቃዬ መንገድ ላይ ነው፣ ሲመለስ ይታያል ብለውኛል። እውነቱን ለመናገር ጊዜው አልተመቸም። አዲስ መሣሪያ ስለገባ ድምፄ ከበፊቱ ይልቅ ጠርቶ፣ እስከ አትክልት ተራው ድረስ ይሰማል። ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። ከመጋቢት በኋላ ቢሆን ምናልባት አንድ ነገር ይደረግ ነበር። ቴአትር ቤቱን ትንሽ ታገሡኝ ብትያቸውስ?

እዚህ ያው ነው። የምኖረው ከፍራሽ ሰፊው ሱቅ በላይ ነው፤ መስኮቱን ስከፍት ጥጥ ይገባል፣ ስዘጋው አየር የለም። ጎን ያለው ክፍል ተከራይ ስለሚቀያየር ሰላምታ ለምጄ ሳልጨርስ ሰውየው ሄዷል። ለእማዬ የአንገት ልብስ ልኬያለሁ። ቀለሙን ካልወደደችው እኔ እንደመረጥኩት አትንገሪያት።

ሪምቦላዬ፣ ትንሽ ብቻ በዙፋንሽ ቆይልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 6

ለወንድሜ፣

የአንገት ልብሱ ደርሷል። እማዬ «የሽማግሌ ቀለም ነው» አለች፤ ከአንገቷ ግን አልለየችውም።

አናጢው ጎረቤታችን ሰሞኑን በአንተ ከተማ በኩል አልፈው ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ድምፅህን ሰምተው «የእኛ ልጅ» ብለው በጣም ደስ አላቸው። ሰላም ሊሉህ ትኬት መቁረጫው ድረስ ሄደው ጠየቁ።

የተነገራቸውን ነግረውኛል። ለእማዬ አልነገርኩም፣ እሳቸውም አይናገሩም። እኔም ከዚህ በላይ አልጠይቅህም። ያሳዘነኝ ሥራው አይደለም። አንተ ራስህ ንገረኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

እህትህ


ጥር 20

ለእታለም፣

እሺ።

ባለፈው ዓመት ነው። አንድ ዝግ ክፍል አስገብተውኝ የከተሞቹን ስም ሁሉ፣ ሰዓቱን ሁሉ፣ «ተጓዦች ሆይ ዕቃችሁን ጠብቁ»ን፣ «መልካም ጉዞ»ን አስነበቡኝና ቀዱት። ለማስታወሻ የሚቀመጥ መስሎኝ ከረባት አድርጌ ነበር የሄድኩት፤ ድምፅ ከረባት የሚታይበት ይመስል። በሚገባ አነበብኩት፤ እንደዚያ አሳምሬ አንብቤ አላውቅም። ሲያልቅ አመስግነው አሰናበቱኝ። መሣሪያው አይታመምም፣ ፈቃድ አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ እያጠብኩ ነው የምኖረው። ሥራ የሌለ ቀን የተጓዦቹ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን እሰማለሁ። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ «ድምፁ ደስ ይላል» ሲል «እኔ ነኝ» አልልም። እታለም፣ ሰው እንዴት በገዛ ድምፁ ይቀናል? እኔ ግን ቀናሁ። እሱ ሥራ አለው፣ ሰው ይሰማዋል፤ እኔን ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ የለም።

እማዬ ለሰው ሁሉ «ልጄ መናኸሪያውን የሚያስተዳድረው በአፉ ነው» እያለች ባዶ እጄን እንዴት ልምጣ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። አንቺን «ሪምቦላ» እያልኩ ያቆየሁሽ ክብር ልሰጥሽ አልነበረም። በሩ እንደተዘጋብሽ እንዳታዪ ነው። ይኸው ተናገርኩት።

የካቲት ሳያልቅ እመጣለሁ። ተራዬ ነው፣ እኔ ልንገሥ። ዕቃሽን አሰናጂ።

ወንድምሽ


መጋቢት 18

ለድንቡሼ፣

በደህና ገብቼ ሥራ ጀምሬያለሁ። ብዙ ልነግርህ አስቤ ነበር፣ አንተ ስትገባ እኔ ስወጣ ሆነና በር ላይ ሻንጣ ተቀባብለን ተለያየን። ሳልስምህ መሄዴ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው።

እማዬን ስታነሣት መጀመሪያ በቀኝ ጎኗ አዙራት። መድኃኒቷን «ውጫለሁ» ብትል አትመናት፣ ትራሷ ሥር ፈልግ። ሾርባ ትኩስ ካልሆነ አትነካም፣ ትኩስ ከሆነ ደግሞ «ልታቃጥለኝ ነው» ትላለች። አትከራከራት።

የልብስ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ጠረጴዛው ረጅም ነው፣ መቀሱም የእኔ የራሴ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የንጉሥ ካባ። ልምምዱን አየሁት። የእነሱ ንጉሥ አንዲት ደቂቃ ብቻውን አይሆንም፤ በሄደበት ሁሉ ሰው ይከተለዋል፣ ሲቀመጥ እንኳ ዙሪያውን ከበው ይቆማሉ። እኔ ያን የሠርግ ቀን በር ላይ ቆሜ የሪምቦላን ትርጉም ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ክፍሌ ጠባብ ናት፣ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ ያሳያል። ባለቤቲቱ ጠዋት «ደህና አደርሽ?» ትለኛለች፤ መልሴን ግን አትጠብቅም። እለምደዋለሁ።

እማዬ ስለ እኔ ምን ትላለች? ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 25

ለእታለም፣

ሳልደብቅ? ይኸው። እማዬ ስለ አንቺ ምንም አትልም። ስለ እኔ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ትላለች። «እሷ ስታነሣኝ እንደ ሰው ነበር፣ አንተ እንደ ጆንያ ነው።» «ሾርባው ውስጥ ጨው ረስተህ ነው ወይስ ጠልተኸኝ?» የሥራዬን ነገር በገባሁ ማግስት ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ድምፅህን ከወሰዱ አንተን ለእኔ መለሱልኝ» አለች። ወጥቼ ጓሮ አለቀስኩ፤ ተመልሼ ስገባ «ጉንፋን ይዞሃል» አለችኝ።

ጠዋቱን እወጣዋለሁ። ከሰዓት በኋላው ነው የሚከብደኝ። እሷ ስታሸልብ የስፌት መኪናሽ ልብሱን እንደለበሰ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ሬዲዮ እንዳልከፍት ትነቃለች። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርሽ? ስትጽፊልኝ አንብቤው ነበር፣ አሁን ነው የገባኝ።

አንቺ ራስሽ እንዳስታወስሽኝ ሪምቦላ ሁለቴ አይነግሥም። ክረምቱ ሲገባ ተራው የአንቺ ነው። ትመለሻለሽ ወይ? እማዬ ጠይቅልኝ አላለችም፣ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 17

ለወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስተወው ሰነበትኩ። ይቅር በለኝ፣ ልትሰማው የምትፈልገውን አይደለም የምጽፍልህ።

አልመለስም።

እዚህ ደስ ብሎኝ መስሎህ እንዳትቀየመኝ። ደስ አላለኝም። በዕረፍት ቀኔ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ሳላወራ ይመሻል። ባለፈው አውቶቡስ ውስጥ «ጢርቢስ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ አንድም ሰው ቀና አላለም። እዚያ እማዬ ስታስል እሰማ ነበር፣ እዚህ የሚያስል እንኳ የለም። ከበፊቱ የባሰ ብቻዬን ነኝ። ሆኖም ጠዋት ጠረጴዛው ፊት ቆሜ መቀሱን ጨርቁ ላይ ሳሳርፍ፣ ማንም «ነይ» ብሎ እንደማይጠራኝ አውቃለሁ። ያኔ የጀመርኩትን መስመር እስከ መጨረሻው እቆርጣለሁ። እንደዚያ ሆኜ መኖርን ቀምሼዋለሁና ወደ ኋላ መመለስ አልችልም።

ተራውን የናድኩት እኔ ነኝ። ሕግ አፍራሽ በለኝ፣ እቀበላለሁ። ከደመወዜ ለሚያግዛት ሰው የሚሆን በየወሩ እልካለሁ። ብትታመም እመጣለሁ። ብትሞትም ለመቅበር እመጣለሁ፣ ለመኖር ግን አልመጣም። ይህን ስጽፍ የራሴ ክፋት አስፈርቶኛል፣ ቢሆንም አልሰርዘውም።

ለእማዬ እንዴት እንደምትነግራት አላውቅም። ደስ የማይለውን ዝለለው።

እህትህ


ሰኔ 10

ለልጄ፣

የምናገረው እኔ እናትሽ ነኝ፣ የሚጽፈው ወንድምሽ ነው። እንዳለ ይጻፈው አይጻፈው ስለማላምነው፣ ሲጨርስ መልሶ ያነብልኛል።

ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ መሃል ላይ ዘለለ። ዓይኑን አይቼ አወቅሁት፤ ልጅ ሆኖም ስኳር ሲሰርቅ ዓይኑ እንደዚያ ነበር። «የዘለልከውን አንብብ» አልኩት። ብሞት ለመቅበር ብቻ እንደምትመጪ ሰማሁ። ደግ ብለሻል፤ ሰው ቁርጡን ሲያውቅ ይሻለዋል።

አሁን አንቺም የእኔን ስሚ። አክስትሽ «ነይ» ስትለኝ እምቢ ያልኩት ቤቱን ወድጄ መሰለሽ? ጣራው የሚያፈሰውን ይህን ቤት? አንቺን ለማን ትቼ ልሂድ ብዬ ነው። ጓደኛ የላትም፣ ባል የላትም፣ እኔ ከሄድኩ ጠዋት ለማን ብላ ትነሣለች አልኩ። መስኮቱ ሥር የምቀመጠው ፀሐይ ፈልጌ አልነበረም። ስትሰፊ ፊትሽን የሚያይ አንድ ሰው ይኑር ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላም ሁልጊዜ ተኝቼ እንዳይመስልሽ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ምናልባት ትታኝ ብድግ ብላ ሰው ጋ ትሄድ ይሆናል እያልኩ ነበር የምጠብቀው። አልሄድሽም። አንቺ እኔን ስትጠብቂ፣ እኔ አንቺን ስጠብቅ፣ አንዳችንም አፍ አውጥተን ሳንናገር ወጣትነትሽ ሄደ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላውቅም። የእኔ ድርሻ ግን ያቃጥለኛል።

ስለ ቋንቋችሁም ልጁ ነግሮኛል። እኔ እንኳ ጓዳ ገብታችሁ እኔን የምታሙ ይመስለኝ ነበር። ስንቴ ቤት ስቀር አንድ ቀን አላነገሣችሁኝም፤ እሺ፣ ይቅርታ አድርጌላችኋለሁ።

ለአክስትሽ አስጽፌያለሁ። እሷም ብቻዋን ናት፤ ተጨቃጭቀን እንኖራለን። አንቺ ግን ካባሽን ቁረጪ። ሰው ፈልገሽ አውሪ። ባለቤቲቱ «ደህና አደርሽ?» ስትልሽ መንገድ ዘግተሽባት መልስሽን ንገሪያት።

እናትሽ


ሐምሌ 2

ለእታለም፣

እማዬ ትናንት ሄደች። አክስታችን የላከችው ሹፌር መኪና ይዞ መጣ፣ ተሸክሜ አስገባኋት። ላለቅስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ወንበሩ ጠበበኝ፣ መስኮቱ አይዘጋም እያለች ሹፌሩን ስታጣድፈው ለለቅሶ ጊዜ አጣሁ። መኪናው ሲዞር እጇን በመስኮት አውጥታ ጉንጬን ያዘችኝ። አንቺ መንገድ ላይ ትዝ ያለሽን ስንብት እኔ ትናንት አገኘሁት፣ ለሁለታችን ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

ስትሄድ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለማን እንደዘጋሁት ሳስብ መልሼ ከፈትኩት። ጸጥታውን እፈራው ነበር፣ ጸጥታውንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት የማነሣው ሰው አለመኖሩን ነው። ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ ነቅቼ እጄን አጥቤ፣ ሾርባ አሙቄ፣ አልጋዋ ድረስ ይዤ ሄጄ ነበር።

የስፌት መኪናሽን አናጢው ጋ አስቀምጫለሁ። የቤቱንም ቁልፍ ሰጠኋቸው። «ታዲያ ማን ቀረ?» አሉኝ። «ማንም» አልኳቸው። አፌ ላይ እንግዳ ቃል ሆነብኝ። እኛ ቤት ሁልጊዜ የሚቀር ሰው ነበረ።

ይህን የምጽፍልሽ ሻንጣዬን አጠገቤ አድርጌ ነው። ወደ አንቺ ከተማ ነው የምመጣው፤ እዚያም የሚታጠብ አውቶቡስ አይጠፋም። አትደንግጪ፣ ክፍልሽ አልገባም። ተከራይቼ እኖራለሁ። ወንድም ነኝ ብዬ ከጠረጴዛሽ ላይ «ነይ» ብዬ አልጠራሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በዕረፍት ቀንሽ ከማንም ሳታወሪ እንደሚመሽ ጽፈሽልኛል፤ የእኔም ቀን እንደዚያው ነው የሚመሸው። የሆነ ቦታ፣ የፈለግሽው አግዳሚ ላይ፣ አጠገብሽ ቁጭ ልበል። ማውራት ካልፈለግሽ ዝም እንላለን። ቅር የሚልሽ ከሆነ ደብዳቤሽ እዚህ አያገኘኝም፤ ፊት ለፊት ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም።

ወንድምሽ